ተመልሻለሁ እኮ!

እዚህ አካባቢ ያገኘሁት ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «መቼ ነው የምትመለሰው?» ወዴት ነው የምመለሰው? ተመልሼ መጣሁ እኮ! የተወለድኩት እዚህ፣ ሚስቴና ልጆቼ ያሉት እዚህ። ላሟም እዚሁ ናት፤ እሷ እንኳ ባይተዋር አድርጋኛለች። ላልባት ብዬ ብቀመጥ ወተቷን ከለከለችኝ። ያልለመደችው እጅ ነዋ።

8 ወር ሙሉ ጊታሬን ይዤ ከመድረክ መድረክ ስዞር የናፈቀኝ የቤቴ ጸጥታ ነበር። ጸጥታ! ቆይ ስለ ጸጥታ ልንገራችሁ። ሲመሽና ሁሉም ዝም ሲል እኔ የምሰማው ፉጨት ነው። ጆሮዬ ውስጥ። «ሲ…» ይላል፣ አያቋርጥም። ለዓመታት ከድራሙ ጎን መቆም ያተረፈልኝ ይሄን ነው። 100 ዴሲቤል በሚደርስ ድምፅ ውስጥ ያለ መከላከያ መቆየት ያለብን በቀን 15 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ እኛ 2 ሰዓት እንጫወታለን። የጆሮ መሰኪያማ ነበረኝ። ኪሴ ውስጥ። ከተማ ላይ የመኪናው ጫጫታ ፉጨቱን ይውጥልኝ ነበር። እዚህ ምን ይዋጠው? ሰው ደግሞ ይመጣና «እፎይ፣ እንዴት ያለ ጸጥታ ነው!» ይለኛል።

እንቅልፉም ያው ነው። ትርኢት አልቆ፣ ዕቃ ተጭኖ፣ የመድረኩ ሞቅታ እስኪበርድልኝ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል። ሰውነቴ ያንን ለምዷል። አውራ ዶሮው ደግሞ 11 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ከዚያ ረፋድ ላይ ብነሳ «ተኝቶ ነው የሚውለው» ተባልኩ።

አጥር ሲታጠር ላግዝ ብዬ ብነሳ «ተው፣ ጣትህ ይጎዳል» ብለው አስቀመጡኝ። እሺ። ማታ እነዚያው ሰዎች «ጊታርህን ይዘህ ና፣ ሁለት ዘፈን ብቻ» አሉኝ። ለአጥር የሚጎዳ ጣት ለነጻ ጨዋታ ምንም አይሆንም ማለት ነው! ሁለቱ ዘፈን ስንት እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ግን ከሁሉም የባሰው ቤት ውስጥ ያለው ነው። የበሩ ቁልፍ ተቀይሯል፣ ስኳሩ የሚቀመጥበት ተቀይሯል። ትንሹ ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። «ወጥቼ ልጫወት?» ብሎ ለመጠየቅ እናቱ ጋ ማሳ ድረስ ሮጠ። እኔ እዚያው ቁጭ ብያለሁ! ለምን እኔን አልጠየቅከኝም ስለው፣ «አንተ አታውቅም ብዬ ነው» አለኝ። በክፋት አይደለም። ረጋ ብሎ፣ ላለማስቀየም እየተጠነቀቀ ነው ያለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ትናንት ማታ ይሄን ሁሉ ለሚስቴ ዘረገፍኩት። እንደ እንግዳ የምታዩኝ ምን አድርጌ ነው አልኳት። ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ቀና እንኳ አላለችም።

«ታዲያ ሻንጣህን ለምን አልፈታህም?»

ሻንጣው በሩ ሥር ነው። ከመጣሁ 5 ሳምንቴ። የጥርስ ብሩሼን እንኳ ጠዋት ጠዋት ከኪሱ አወጣና፣ ስጨርስ መልሼ እዚያው እከታለሁ።