ቡቺና የፋሲካው በግ

አሜሪካኖች የነፃነት በዓላቸውን በሚያከብሩበት በጁላይ 4፣ እኔ በምኖርበት በቨርጂኒያ የሰፈሬ ሰው ከሥጋ ጥብሱ እኩል የሚያስበው ስለ ውሻው ነው። ውሻው ፀሐይ ሳትጠልቅ ወጥቶ ይናፈሳል። ከመሸ በኋላ መስኮት ተዘግቶ፣ መጋረጃ ተጋርዶ፣ ቴሌቪዥን ተከፍቶለት ከውስጠኛው ክፍል ይቀመጣል። ስልክ ቁጥር የተጻፈበት የአንገት ማሰሪያው ይጠብቃል፤ ከቆዳው ሥር የሩዝ ፍሬ የምታክል መለያ ተቀብራለታለች። በጣም ለሚሸበረው ደግሞ የእንስሳት ሐኪሙ ማረጋጊያ መድኃኒት ያዝለታል። ይህን የሰማ የአገር ቤት ዘመድ "ቅንጦት!" ቢል አልፈርድበትም።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። በቨርጂኒያ ሕግ የሚፈነዳና ወደ ሰማይ የሚወነጨፍ ርችት ያለ ፈቃድ መተኮስ ክልክል ነው። ሰማዩ ግን እስከ እኩለ ሌሊት ሲቀደድ ያመሻል። ለውሻው መድኃኒት ያጎረሰው ጎረቤት ራሱ ጓሮ ወጥቶ ክብሪት ይጭራል! በማግስቱ የባዘኑ እንስሳት ማቆያዎች ደንብረው አጥር የዘለሉ ውሾችን ሲቀበሉ ይውላሉ። በጣሊያን ፓርማ አጠገብ ያለችው ኮሌኪዮ የተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. በ2015 ድምፃቸው የተቀነሰ ርችቶች ብቻ እንዲተኮሱባት ወስናለች። ያን ያህል ከባድ አልነበረም ማለት ነው።

አገር ቤት ጩኸቱ ያንሳል። የቡሄ ጅራፍና አዲስ አበባ የለመደችው ርችት ውሻን ማስበርገጋቸው ባይቀርም፣ የእኛ በዓል አደጋው ያለው ከሳህኑና ከቢላዋው ዘንድ ነው።

የሳህኑ ነገር ባሕር ተሻግሮም ይከተለናል። ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአገር ቤት የመጡ አንዲት እናት፣ በገና ዕለት ዶሮ ወጥ የነካ እንጀራ ከነአጥንቱ ለቤቱ ውሻ ሲሰጡ የልጅ ልጃቸው "እማማ፣ ሽንኩርት እኮ ለውሻ መርዝ ነው!" ብላ ጮኸች። እሳቸውም ረጋ ብለው "የእኛ ቡቺ ታዲያ ምን በልቶ አረጀ?" አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ልጅቱ ግን ልክ ናት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ። ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው ከቀናት በኋላ ስለሆነ አገር ቤት ከበላው ወጥ ጋር የሚያገናኘው ሰው የለም፤ "ውሻው ደከመ" ተብሎ ይታለፋል። ዶሮ ወጥ ያለ ሽንኩርት ቁሌት ደግሞ ከየት ይመጣል? የበሰለው የዶሮ አጥንትም ሲሰበር ይሾላል፤ ጉሮሮንና አንጀትን ይወጋል።

ፋሲካ የራሱ ጣጣ አለው። ቤተሰቡ 55 ቀን ሲጾም ቡቺም ፈቃዱን ማንም ሳይጠይቀው አብሮ ይጾማል፤ በሽሮ ፍትፍት ይከርማል። በትንሣኤ ማለዳ ጮማውና ሞራው በአንድ ጊዜ ይወረወርለታል። በድንገት የበዛ ስብ የውሻን ቆሽት ሊያስቆጣ ይችላል። ሲያስመልሰውና ሆዱን ይዞ ሲኮራመት ግን "ጠግቦ ነው" እንላለን።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እርዱ ነው። ፋሲካም ይሁን አረፋ፣ በግ በጓሮ ሲታረድ፣ ሰንጋ ለቅርጫ ሲጣል፣ ውሃ የቋጠረ ጉበት ወይም ሳንባ ከተገኘ "ይሄማ ለውሻ" ተብሎ ይወረወራል። ያ ውሃ የቋጠረ እብጠት ከኮሶ ትል ወገን የሆነች የአንዲት ትንሽ ትል እጭ መኖሪያ ሊሆን ይችላል። ውሻው ሲበላው ትሏ በአንጀቱ ውስጥ ታድጋለች፤ እንቁላሏም ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በሣሩ፣ በጓሮው ጎመን፣ በውሻው በራሱ ጸጉር ላይ ይቀራል። ቡቺን ሲያቅፍ ውሎ እጁን ሳይታጠብ የበላ ልጅ ይውጠዋል። ከዓመታት በኋላ ያው እብጠት በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜም ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ቨርጂኒያ ውስጥ ውሻን በበዓል መጠበቅ ለውሻው ሲባል ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ለልጁም ነው። ወጪውም ከአሜሪካኑ ማረጋጊያ መድኃኒት ጋር አይወዳደርም። የተበላሸውን ሆድ ዕቃ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ወይም ማቃጠል፣ ለውሻው በየጊዜው የትል መድኃኒት መስጠት፣ ይኸው ነው። ለሰንጋው ያዋጡ ባለቅርጫዎች ለጉድጓድ ቆፋሪ ጥቂት ብር ቢጨምሩ ከጮማው ድርሻቸው የሚጎድል የለም።

የግቢ በርም ሌላ ነገር ነው። በበዓል ቀን እንግዳ ሲገባና ሲወጣ ተከፍቶ ይውላል፤ በደም ሽታ የተሰበሰቡት የጎዳና ውሾች ደግሞ ከደጅ ናቸው። ቡቺ ይወጣል፣ ይናከሳል፣ ማታ ይመለሳል። አሜሪካ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ከምድሯ መጥፋቱን እ.ኤ.አ. በ2007 አስታውቃለች፤ እኛ ዘንድ ግን ሰው ዛሬም ይሞትበታል። ውሻው አስቀድሞ ይከተብ። ሰው ከተነከሰ ቁስሉ ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠብ፤ በዚያው ዕለትም ለክትባት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። "ዛሬ በዓል ነው፣ ነገ እንወስደዋለን" ለዚህ በሽታ አይሆንም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውምና።