ማስተካከያ፦ የላኪዎች ቫት ተመላሽ አለው

ሰሞኑን በስፋት የተሰራጨ አንድ ጽሑፍ ዕቃ ወደ ውጭ የሚልኩ ነጋዴዎች (ላኪዎች) ከተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) ነጻ ስለሆኑ በግዢ ወቅት የከፈሉትን ታክስ ማስመለስ አይችሉም ይላል። ስህተት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 መሠረት ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ ታክስ ይጣልበታል፤ ምጣኔው ግን ዜሮ ነው። በቀድሞው አዋጅ 285/1994ም እንዲሁ ነበር።

ከታክስ ነጻ በመሆንና በዜሮ ምጣኔ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል ገንዘብ አይደለም። ለታክሱ የተመዘገበ ቆዳ ላኪ የ100,000 ብር ኬሚካል ሲገዛ 15,000 ብር ቫት ይከፍላል። ራሱን ከታክስ ነጻ አድርጎ ከቆጠረ ይህ ገንዘብ ወጪ ሆኖ ይቀራል። በዜሮ ምጣኔ ከሆነ ግን የግዢ ደረሰኙንና የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን (ዕቃው ወደ ውጭ መላኩን የሚያሳየውን ሰነድ) ይዞ ተመላሽ ይጠይቃል፤ ወረቀቱን ያልጣለ ሰው ማለት ነው። የንግድ ትርፍ ግብር ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዜሮው እሱን አይነካም።