የእመቤታችን ተርታ

ከምኖርባት ከሊድስ እስከ ዮርክ ያለው የባቡር መንገድ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ከአገር ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደዚያች ጥንታዊ ከተማ ይዤ መሄድ ልማዴ ሆኗል። ባለፈው ክረምት የወሰድኳቸው አጎቴን ነበር። አጎቴ አዲስ አበባ ውስጥ እኔ ባደግሁበት ደብር የሰበካ ጉባኤ አባልና የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ሆነው ብዙ ዘመን ያገለገሉ፣ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ በቃላቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው።

እንግዶቼ አብዛኛውን ጊዜ ለማየት የሚቸኩሉት ትልቁን ካቴድራል፣ ዮርክ ሚንስተርን ነው። እኔ ግን አስቀድሜ ጉድራምጌት ወደሚባለው መንገድ እወስዳቸውና፣ ላይኛው ፎቃቸው ወደ መንገዱ ገፋ ብሎ ከወጣ፣ ምድር ቤታቸው ሱቅና ምግብ ቤት ከሆነ ዝቅ ያሉ ቤቶች ፊት አቆማቸዋለሁ። ሌዲ ሮው ይባላሉ፤ በእኛ ቋንቋ “የእመቤታችን ተርታ” እንደ ማለት ነው። የተሠሩት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1316 ሲሆን (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው የእንግሊዝ ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)፣ ዘመኑ በእኛ አገር ዐፄ ዐምደ ጽዮን ዙፋን የያዙበት ሰሞን ነበር። ቤቶቹ የተሠሩት ከጀርባቸው ባለችው በቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዳር ነው፤ ከኪራያቸው የሚገኘው ገንዘብም በእመቤታችን ስም ለቆመው መሠዊያና በዚያ ለሙታን ነፍስ ለሚጸልየው ካህን መተዳደሪያ እንዲሆን ታስቦ ነበር።

አጎቴ ይህን ሲሰሙ ሳቁና “ይሄማ የእኛው ሰበካ ጉባኤ ሥራ ነው፣ ልጄ” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የብዙ አድባራት አጥር ዛሬ ተከታታይ ሱቅ ሆኗል፤ በአንዱ በር ጧፍ፣ ዕጣንና ነጠላ ይሸጣል፣ በሚቀጥለው የሞባይል ጥገና ይገኛል፣ ከዚያ አልፎ ማኪያቶ ይቀዳል። የሚለየው ዕድሜው ነው። ለሙታን ለሚጸልዩ ካህናት የተሰጠው ንብረት በንጉሥ ኤድዋርድ 6ኛ ዘመን፣ በ1547 በወጣ ሕግ ለመንግሥት ሲወረስ የተርታው የመጀመሪያ ዓላማ ቀረ፤ ቤቶቹ ግን ሰው እየኖረባቸውና እየነገደባቸው ከ700 ዓመት በላይ ቆዩ።

በጠባብ የድንጋይ በር በኩል ወደ ቤተ ክርስቲያኒቱ ገባን። ወለሉ ወጣ ገባ ስለሆነ አጎቴ በትራቸውን አስቀድመው ነበር የሚራመዱት። መቀመጫዎቹ እንደ ትንንሽ ጓዳ በሳንቃ የታጠሩና የየራሳቸው በር ያላቸው ናቸው፤ ሳንቃው ወለሉን ተከትሎ አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ዘመም ብሏል። በምሥራቅ በኩል በ1470ዎቹ የደብሩ አለቃ የነበሩት ጆን ዎከር ያሠሩት ባለቀለም መስተዋት አለ። አጎቴ መስተዋቱን አይተው ሲያበቁ ወደ ወለሉ ተመለሱ፤ “እንዲህ ሆኖ ዝም ይላሉ? በአንድ ሳምንት ቴራዞ ይነጠፍ ነበር እኮ” አሉ። ቤተ ክርስቲያኒቱ መደበኛ አገልግሎት ካቆመች መቆየቷንና የሚጠብቃትም እንዲህ ያሉ ቤተ ክርስቲያናትን የሚንከባከብ የበጎ አድራጎት ድርጅት መሆኑን ስነግራቸው “ባዶ ቤት መጠበቅማ ምን ይከብዳል!” ብለው ወጡ። ይህ አነጋገር ለቀናት ከአእምሮዬ አልጠፋም፤ የእኛ ደብር በየእሑዱ ሕዝቡ ሞልቶ ከዐፀዱ ውጭ ዝናብ እየመታው የሚያስቀድስበት ነውና።

ሻምብልስ ወደሚባለው መንገድ ስንደርስ ግን ነገሩ ያን ያህል ቀላል እንዳልሆነ ታየኝ። ሻምብልስ የሥጋ ቤቶች መንደር ነበር፤ በ1872 እንኳ 25 ሥጋ ቤቶች ነበሩበት፣ ዛሬ አንድም የለም። በየመስኮቱ ሥር ሥጋ ይዘረጋበት የነበረው መደርደሪያና ይንጠለጠልበት የነበረው ሜንጦ ግን እስካሁን ይታያል፣ ከሥሩ የሚሸጠው ከረሜላና የቱሪስት ዕቃ ቢሆንም። የግራና የቀኙ ፎቆች ከላይ ከመቀራረባቸው የተነሣ ፊት ለፊት ያሉ ጎረቤታሞች በመስኮት እጅ ለእጅ ሊጨባበጡ ይችላሉ የሚባልበት ቦታ አለ። እኔ እዚያ በቆምኩ ቁጥር ፒያሳ የነበረችው ዶሮ ማነቂያ ትመጣብኛለች። ስሟ እንደ ሻምብልስ ሁሉ ከእርድ ጋር የተያያዘ፣ ቤቶቿ የተጠጋጉ፣ መተላለፊያዋ የጠበበ ሠፈር ነበረች፤ በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ አብራ ፈረሰች።

እንግሊዞች አላፈረሱም እያልኩ አይደለም። እዚያው ዮርክ ሲቦህም ራውንትሪ የከተማዋን ድሆች ቤት ለቤት አስጠንቶ በ1901 ባሳተመው ጥናት ችግራቸው ከተጋለጠው ሠፈሮች አንዱ የሆነው ሃንጌት በ1930ዎቹ ተጠርጎ ነዋሪው ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወር ተደርጓል፤ ቀደም ሲልም የከተማዋ አስተዳደር የመካከለኛውን ዘመን የከተማ ቅጥር ራሱ ለማፍረስ ተነሥቶ በተቃውሞ ነው የተገታው። ስለዚህ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ በአንድ ሽንት ቤት ለአሥር አባወራ ይኖር የነበረውን ሰው፣ ሊድስ ቁጭ ብዬ “ቅርስህ ነበር” ብለው አያምርብኝም። የሚቆጨኝ ከዚያ ሁሉ መካከል የትኛው ቤት እንደሚቆይ፣ የትኛው እንደሚሄድ ተለይቶ ነዋሪው የሚከራከርበት ጊዜ ያጠረ መሆኑ ነው።

በዮርክ ያ ክርክር የተጻፈ ሕግ አለው። በታሪካዊነቱ የተመዘገበ ቤት ባለቤት ያለ ፈቃድ የቤቱን ጠባይ የሚነካ ለውጥ ቢያደርግ ወንጀል ነው። እንዲህ ባለ ቤት ላይኛው ፎቅ ተከራይቶ የሚኖር አንድ የአገራችን ልጅ አለ፤ በሐምሌ ብትጠይቁት ስለ ቤቱ የዕንጨት ማገር ውበት አውርቶ አይጠግብም፣ በጥር ብትጠይቁት ደግሞ ነፋሱ በመስኮቱ ክፍተት እየገባ መጋረጃውን ሲያወዛውዘው ያሳያችሁና፣ አከራዩ ባለሁለት መስተዋት መስኮት ለማስገባት ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ማግኘት እንዳቃተው በምሬት ይነግራችኋል። ቅርስ የሚጠበቀው በአንድ ሰው ብርድ ጭምር ነው።

ከሰዓት በኋላ ሚንስተር ደረስን። አጎቴ የመግቢያ ክፍያ ሲሰሙ “ቤተ ክርስቲያን በትኬት?” ብለው ፊታቸውን አጠቆሩ፤ ላሊበላም የውጭ ጎብኚ እንደሚያስከፍል ሳስታውሳቸው ግን ዝም አሉ። የአሁኑ ሕንፃ ከ1220 ገደማ ጀምሮ ተሠርቶ የተቀደሰው በ1472 ነው፤ ሥራው ግን ዛሬም አላለቀም፣ ካቴድራሉ የራሱ ድንጋይ ጠራቢዎች አሉትና። የተበላውን ድንጋይ ያወጣሉ፣ አዲሱን በልኩ ጠርበው ይተካሉ፣ ከአንዱ ማዕዘን ሲጨርሱ ሌላው ይጠብቃቸዋል። ሐምሌ 1984 መብረቅ ሳይሆን አይቀርም በተባለ እሳት የደቡቡ ክንፍ ጣሪያ ሲወድም እንደገና በዕንጨት ነው የተሠራው፤ ከጣሪያው ጌጦች ስድስቱን ሕፃናት በቴሌቪዥን ውድድር ስለነደፉአቸው፣ በመካከለኛው ዘመን ካቴድራል ጣሪያ ላይ ጨረቃን የረገጠ ጠፈርተኛ ይገኛል። አጎቴ በጣም የወደዱት ይህን ነው።

ስንወጣ በደቡብ በኩል ዙፋን ላይ ተቀምጦ ሰይፉን የያዘ የነሐስ ሐውልት ፊት አቆምኳቸው። ቆስጠንጢኖስ ነው፤ በ306 አባቱ እዚህ ሲሞት ወታደሮቹ ንጉሠ ነገሥት ብለው የሰየሙት በዚህች ከተማ ነው። “የእሌኒ ልጅ? የመስቀሉ?” አሉ አጎቴ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ። በእናቱ ስም የተሰየመች ቤተ ክርስቲያን ጥቂት ርምጃ ወረድ ብሎ እንዳለች ነግሬአቸው ሄደን በሯን ተሳልመው ተመለሱ።

በባቡር ስንመለስ በልቤ የቆየውን ጠየቅኳቸው። በልጅነቴ የማውቀው የደብራችን ክብ ሕንፃ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ በሸራ የተለጠፈ ሥዕል ነበረው፤ ከነዚያ አንዱ እሌኒና ቆስጠንጢኖስ መስቀሉን በመካከላቸው አድርገው የቆሙበት ነበር። ሕንፃው ፈርሶ በምትኩ ባለ ጉልላት ትልቅ የሲሚንቶ ሕንፃ ሲሠራ እኔም ከሊድስ 100 ፓውንድ ልኬአለሁ፤ የአዲሱ ሕንፃ ሥዕል ያለበት ደረሰኝ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ያን ጊዜ ስለ አሮጌው ሥዕል የጠየቅሁት ነገር አልነበረም። አጎቴ ጥቂት አሰቡና “ተነቅሎ ዕቃ ቤት ተቀምጧል፤ እንደገባሁ አስፈትቼ አይልሃለሁ” አሉ።

ለመስቀል ደወሉልኝ። ሸራው ከአሮጌ ከበሮ ሥር ተጠቅልሎ ተገኝቷል። ጫፉን አይጥ በልቶታል፣ ቆስጠንጢኖስም ከወገቡ በታች የለም፤ የእሌኒ ፊት ግን ደኅና ነው አሉኝ።