ወረደ

ትናንት ከለገሃር ፒያሳ ሊያደርሰኝ የተስማማ ወዳጄ መኪና ውስጥ ገብቼ በሩን እንኳ ሳልዘጋ፣ «ስንት ኪሎ ገባህ?» አለኝ። ለጤናዬ ያሰበ መስሎኝ «ተመስገን ነው» አልኩት። ለካ ዳሽቦርዱ ላይ አዲስ ነገር ለጥፏል። የክብሪት ሳጥን የምታክል፣ ሽቦዋ ከመሪው ስር ካለው የመመርመሪያ ሶኬት የተሰካ ዕቃ ናት። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር ቤንዚን እንደሚበላ ትናገራለች። የቸርችልን ዳገት ስንያያዝ 9 የነበረው 14 ገባ። ወዳጄ ቁጥሩን አየ፤ ቀጥሎ ሆዴን አየ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» አለ።

ይህ ተረት ለእኔም ነፍሴ ነው። ግን ያልጠረጠረው እንደተመነጠረ ነገሩን እንጂ፣ የጠረጠረው ምን እንደሆነ ማን ነገረን? አንዲት ጎረቤቴ ሥጋ ቤት የራሷን ሚዛን ይዛ ትሄዳለች። ኪሎው አንድም ቀን ጎድሎባት አያውቅም። ግማሹ አጥንት ነው።

ደግሞ ይቺ ዕቃ ቤንዚኑን ራሱን አትለካውም። ሞተሩ ስንት አየር እንደሳበ ከመኪናው ኮምፒውተር ትሰማና፣ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ይገባል ብላ ታሰላለች። ግምቷ እንዲቃና ታንኩን አፉ ድረስ ሞልቶ፣ ስንት ሊትር እንደተቀዳ መንገር ያስፈልጋል። ወዳጄ ደግሞ ከተወለደ ጀምሮ «የ1000 ብር ቅዳልኝ» እንጂ «ሙላው» ብሎ አያውቅም።

አያውቅም ስል በምክንያት ነው። አንድ ክረምት ቀዩ መብራት ሦስት ቀን ሙሉ ሲለምነው ከርሞ፣ ፖስታ ቤቱ ጋ ቤንዚን ጨርሶ ቆመ። በዚያ ዝናብ፣ በአዲስ ጫማ፣ እስከ ማደያው የገፋሁት እኔ ነኝ። እሱ መሪ ይዞ በመስኮት «በርታ!» ይለኛል። ያን ቀን ኪሎዬን አልጠየቀኝም። ማኪያቶ እንኳ አልጋበዘኝም! ጫማው ደግሞ በዱቤ የተገዛ ነበር። ዱቤው ካለቀ በኋላም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ብቻ፣ ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ቤንዚን። ሰውየው ቁልቁለት ባገኘ ቁጥር ለቁጠባ ብሎ ማርሹን ዜሮ ያደርጋል። የዛሬ መኪና ግን ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ ሳይረገጥ ሲወርድ ቤንዚኑን ራሱ ይቆርጣል፤ ዜሮ ሲደረግ ነው ሞተሩ እንዳይጠፋ የሚጠጣው። ይህን ስነግረው «አንተ መኪና የለህ» አለኝ። ሰው እየተሻገረ፣ ዓይኑ ቁጥሩ ላይ!

ጊዮርጊስ ጋ ወርጄ መቶ እርምጃ ሳልሄድ ስልኬ ጮኸ።

«ወረደ! 6 ገባ! አላልኩህም፣ አንተ ነህ!»

«የት ደረስክ?»

«ቸርችልን ቁልቁል እየወረድኩ፣ ፖስታ ቤቱ ጋ።»