ቲኬት የሚገዛው መጨረሻ ላይ ነው፣ አቦ!

አሁንስ በዛ! ሰኔ በተቃረበ ቁጥር ድሬ ውስጥ ሞተር የሚወድ ሁሉ አሰን፣ አሰን ማለት ይጀምራል፤ የኔዘርላንድሱን የሞተር ሳይክል ውድድር ማለቱ ነው። ይበል፣ ደስ ይላል። ግን አንዱ «እንዴት ነው የሚኬደው?» ብሎ ሲጠይቅ ከሥር የሚግተለተለው ምክር ያበግናል። «ቲኬትህን ቁረጥና ሂድ»፣ «ለኤጀንት ስጠው፣ ይጨርስልሃል»፣ «አካውንትህ ውስጥ ብር ጣል አድርግበት»። ይህን ሰምቶ ስንቱ ነው ብሩ የተበላው! ጀመዓ፣ የማታውቁትን አትምከሩ።

ቦታው ልፋት የሚገባው መሆኑ አያከራክርም። አሰን በኔዘርላንድስ ሰሜን ምሥራቅ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ውድድሩ የተጀመረው በ1925 በተራ የገጠር መንገድ ላይ ሲሆን በዓመቱ ወደ አሰን መጣ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። የዓለም ሻምፒዮናው ከተጀመረበት ከ1949 ወዲህ በኮሮና ምክንያት ከቀረው ከ2020 በስተቀር አንድም ዓመት አልዘለለም። እንዲህ ያለ ሌላ ትራክ የለም። በ2006 የሰሜኑን ዙር ቆርጠው 6 ኪሎ ሜትር የነበረውን 4.5 አደረጉት፤ የድሮ ሰዎች እስካሁን ይቅር አላሏቸውም።

ነገሩ የሚጠላለፈው እዚህ ላይ ነው። የውድድሩ ቲኬት የሚሸጠው ኦንላይን፣ በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው። ባንክ ለጉዞ ምንዛሪ የሚሸጥልህ ቪዛ የተመታበት ፓስፖርትና የአውሮፕላን ቲኬት ስታሳይ ነው። ቪዛው ደግሞ «ምን ልትሠራ ነው የምትሄደው?» ይላል። ሰዉ ይጨንቀውና ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ ቲኬቱን እንዲገዛለት ያደርጋል፤ አውሮፕላኑንም ይቆርጣል። ቪዛው ሲከለከል ሁለቱም ገንዘብ አየር ላይ ቀረ። ለቪዛ የተከፈለበት የአውሮፕላን ቲኬት አይጠየቅም እኮ! ሪዘርቬሽን ይበቃል። ሆቴሉም ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ቡኪንግ ይሁን። በውድድሩ ቲኬት ፈንታ ቀኑን፣ ፕሮግራሙንና የምትመለስበትን ምክንያት የሚገልጽ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍ። ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ ሲለጠፍ አውሮፕላን፣ ከዚያ ምንዛሪ፣ በመጨረሻ የውድድር ቲኬት። ጥሩው መቀመጫ ያልቃል? ይለቅ! ሣር ላይ ተቀምጦም ይታያል።

ኤጀንት የሚባሉት ደግሞ የሆቴል ቡኪንግ ሠርተው ይሰጡሃል፣ ወረቀቱን ባስገባህ ማግስት ይሰርዙታል። ቆንስላ ሆቴሉን ደውሎ ሲጠይቅ «እንዲህ ያለ እንግዳ የለንም» ይባላል። የሚከለከለው አንተ ነህ፣ ኤጀንቱ አይደለም።

ወደ ስም እንምጣ፤ የድሬ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ነው። መሐመድ የሚለው ስም ፓስፖርት ላይ በኦና በሁለት ኤም፣ ፋይዳ ላይ በዩ፣ ባንክ ላይ በኤና በአንድ ኤም ተጽፎ ይገኛል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፣ ለእነሱ ሦስት። ስቴትመንቱ የሚታተመው ባንኩ ሲስተም ላይ ባለው አጻጻፍ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ፓስፖርቱን ይዘህ ሂድና ስሙን ፊደል በፊደል አስተካክል፣ ከዚያ አሳትም። ማመልከቻውንም፣ ኢንሹራንሱንም፣ ሪዘርቬሽኑንም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ ገልብጥ።

ቀኑስ? የመሥሪያ ቤት ደብዳቤህ «ከሰኔ 15 ቀን 2018 ጀምሮ ፈቃድ ተሰጥቶታል» ይላል። ትርጉም ቤቱ ቃሉን ይተረጉምና ቀኑን እንዳለ ይተወዋል። ያየው ፈረንጅ ከ8 ዓመት በፊት ያለፈ ፈቃድ ይመስለዋል። ትርጉሙ ላይ ማህተም ከመመታቱ በፊት እዚያው ቆመህ ቀኑን አስቀይር። ፎቶም እንደዚሁ ነው፦ ፎቶ ቤት ገብተህ «ጉርድ» ብቻ ካልክ 3 በ4 ያወጣልሃል፤ የሚፈለገው 35 በ45 ሚሊ ሜትር፣ ጀርባው ነጣ ያለ ነው።

የማመልከቻው ክፍያ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ቢከለክሉህም አይመለስም። ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው በፊት ከ6 ወር ጀምሮ እስከ 15 ቀን ድረስ ነው። ውድድሩ በእኛ ሰኔ 20 አካባቢ ስለሚውል በሩ የሚከፈተው ታኅሣሥ አጋማሽ ገደማ ነው። ውሳኔው ለሌላው በ15 ቀን ይወጣል ቢባልም ለኢትዮጵያዊ ከ2024 (በፈረንጅ) ወዲህ 45 ቀን ሆኗል፤ ግንቦት ላይ የሚሯሯጠው ሰው ለምን እንደሚያለቅስ ይኸው ገባችሁ። የካቲት ላይ ያመለከተ እንቅልፉን ይተኛል። አካውንቱን ግን ከዚያም በፊት አስብበት፦ ሦስት ወር ባዶ የነበረ አካውንት በመጨረሻው ሳምንት በተበደሩት ብር ቢሞላ ያስጠረጥራል እንጂ አያሳምንም። ትንሽም ቢሆን በየወሩ የሚገባ ደመወዝ ይሻላል።

«በዚያው የጀርመኑንም የሳክሰንሪንግ ውድድር ልይ» የሚል አለ። ይቻላል፣ የሚውልበት ቀን ከአሰኑ ብዙ አይርቅም። ግን ቪዛው ለሁለቱም አገር አንድ (ሼንገን) ስለሆነ የምታመለክተው ብዙ ቀን ለምትቆይበት አገር ነው፤ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለምትገባበት። በፍራንክፈርት ስላለፍክ ብቻ ለጀርመን አታመለክትም።

አሻራ ለመስጠት ከድሬ አዲስ አበባ መሄድ ግድ ነው፤ ፓስፖርቱን ለመውሰድም ሌላ ዙር። ቀጠሮው ላይ 8፡30 ተብሎ ሲጻፍ በእኛ ከጠዋቱ 2፡30 ማለት ነው! ከሰዓት 8፡30 ላይ ሄዶ በሩ ላይ የሚጣላ ሰው ዛሬም አለ። በዋዜማው አዲስ አበባ እደር፣ በለሊት ተነስቼ እደርሳለሁ አትበል።

እሺ፣ ተሳካልህና ሄድክ። አሰን ውስጥ ሆቴል አትፈልግ፣ ቀድሞ አልቋል። ግሮኒንገን በባቡር 20 ደቂቃ ገደማ ናት፣ እዚያ እደር። ከአምስተርዳም ስኪፖል ኤርፖርት አሰን በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ባቡርህ ዝዎለ ላይ ሊያስቀይርህ ይችላል።

ደግሞ የድሬን ፀሐይ ይዘህ አትሂድ። ሰኔያቸው የእኛ ሰኔ አይደለም፦ ጠዋት ይዘንባል፣ ቀትር ላይ ይጠራል፣ በመሀል ይነፍሳል። የዝናብ ጃኬት ያዝ፣ ጃንጥላ ግን ከኋላህ ያለውን ሰው ይከልላል። ዝናቡ ውድድሩ መሀል ከመጣና ነጭ ባንዲራ ከተውለበለበ አትደናገጥ፤ ተወዳዳሪዎቹ ፒት (የሞተር ማዘጋጃው ቦታ) ገብተው የዝናብ ጎማ ያለውን ሁለተኛ ሞተር ይዘው ይወጣሉ።

ጆሮህን ጠብቅ። ሳይለንሰሩ የወለቀ ባጃጅ ለምጃለሁ አትበል፣ ያ ምንም አይደለም። የስፖንጅ መሰኪያውን በጣትህ እስኪቀጥን አድበልብል፣ በሌላው እጅህ ጆሮህን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ፣ ክተትና እስኪያብጥ ግማሽ ደቂቃ ያህል በጣትህ ያዘው። ሳይድበለበል የገባ መሰኪያ ጌጥ ነው።

መቀመጫ የማማረጥ ዕድል ካገኘህ ከመጨረሻው ሺኬን (ፍጥነት የሚያበርድ ተከታታይ ጠባብ ኩርባ)፣ ከኼርት ቲመር ጋ ተቀመጥ። ከፈጣኑ የራምስሁክ ኩርባ ወጥተው ሲመጡ ብሬኩን ይጨምቁታል፣ የኋላ ጎማው አስፋልቱን ለቆ አየር ላይ ይወዛወዛል፣ ከዚያ ቀኝ፣ ግራ። በ2015 ተፎካካሪዎቹ ሮሲና ማርኬዝ የተነካኩት እዚህ ነው፤ ሮሲ በጠጠሩ ላይ ቆርጦ ወጥቶ አሸነፈ፣ ክርክሩም አላለቀም።

ያልሄደው ደግሞ ድሬ ሆኖ ያያል፤ እሱም ሌላ ብሶት ነው። ዋናው ውድድር እሁድ በእነሱ 14፡00 ይጀምራል። ይህ በእኛ 9 ሰዓት ነው፣ 8 ሰዓት አይደለም፣ ምክንያቱም በእነሱ በጋ አንድ ሰዓት ብቻ ነው የምንበልጣቸው። ቅዳሜ ስፕሪንቱ (አጭሩ ውድድር) 10 ሰዓት ላይ ነው። ከዚራ ያለ ዲኤስቲቪ ቤት በ9 ሰዓት ስትገባ ባለቤቱ ባለፈው ዓመት ያለቀ የእግር ኳስ ጨዋታ ድጋሚ ከፍቶ ሪሞቱን ኪሱ ከቶታል። በርጫው ደምቋል፣ ኳሱን ግን አንድም የሚያይ የለም። «ሞተር ማን ያያል?» ይልሃል። 26 ዙር ነው፣ 40 ደቂቃ! አንድ ግማሽ ጨዋታ እንኳ አይሞላም እኮ፣ አቦ!