ቀጠሮ የተሰጠው ቲማቲም

አንድ ሳጥን ቲማቲም ለአራት ሰው ቤተሰብ ብዙ ነው። ይህን እኔም፣ ባለቤቴም፣ ሳጥኑን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ድረስ ያወጣልን ልጅም እናውቅ ነበር፤ እሱ እንዲያውም ሳጥኑን በራችን ላይ አሳርፎ ላቡን እየጠረገ «ድግስ አለ እንዴ?» ሲል ጠይቆናል። ድግስ አልነበረም፤ የነበረው ርካሽ ዋጋ ነው። አትክልት ተራ ፒያሳ አጠገብ በነበረበት ዘመን ሰው ከሥራ ሲወጣ ጎራ ብሎ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት በፌስታል አንጠልጥሎ ይመለስ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ገበያው ወደ ጃንሜዳ፣ በኋላም ወደ ሃይሌ ጋርመንት ከተዛወረ ወዲህ ግን፣ ከእኛ ሰፈር ተነሥቶ እዚያ ድረስ ደርሶ ሁለት ኪሎ ይዞ መመለስ ለታክሲ ሠርቶ ማደር ስለሚሆን፣ የሄደ ሰው የትራንስፖርቱን ወጪ የሚያካክስ ሸክም ካልያዘ አይመለስም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በደስታ አሳለፍናቸው። ጠዋት እንቁላል በቲማቲም፣ ቀን የቲማቲም ፍትፍት፣ ማታ መኮረኒ በስልስ በላን። በሦስተኛው ቀን ከሳጥኑ ሥር ያሉት ማልቀስ ጀመሩ፤ በአራተኛው ቀን ታናሿ ልጄ ሳህኗን አይታ ማልቀስ ጀመረች። ያን ጊዜ ነው ባለቤቴ ወገቧን ይዛ «ታዲያ ፍሪዘሩ ለምን ተገዛ?» ያለችው። እውነቱን ለመናገር ለምን እንደ ተገዛ በትክክል አላውቅም ነበር፤ ጎረቤት ስለ ገዛ የተገዛ ነበር የሚመስለኝ።

ባለቤቴ ከቲክቶክ በማዕረግ የተመረቀች የምግብ አቆያየት ባለሙያ ናት፤ ስለዚህ ሥራው ሲጀመር ቲማቲሙ ብቻውን አልነበረም፤ ከእሱ ጋር የተገዛው ጎመን፣ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርትም ተሰለፉ። ጎመን ዝም ብሎ ፍሪዘር ውስጥ አይጣልም። መጀመሪያ የፈላ ውኃ ውስጥ ሁለት ሦስት ደቂቃ ገብቶ፣ ወዲያው በበረዶ ውኃ ተነክሮ፣ ተጨምቆ ነው የሚገባው። ምክንያቱም ቅጠሉ ውስጥ ኢንዛይም የሚባል፣ ጡረታ ወጥቶም ቢሮ መምጣቱን ያልተወ ሠራተኛን የሚመስል ነገር አለ፤ ብርድ ያዘገየዋል እንጂ ሥራውን አያስተወውም፤ በፈላ ውኃ ካልተሰናበተ ጎመኑ በረዶ መካከል ተቀምጦም ቀለሙንና ጣዕሙን እያጣ ይሄዳል። ልጆቹ በበረዶ ውኃው ዘርፍ ተመደቡ። እኔ በመጭመቅ ዘርፍ ተመደብሁ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላም አንድ ትልቅ እቅፍ ጎመን በእጄ ውስጥ አንዲት ሙልሙል ዳቦ አክላ ስትቀር አይቼ ገበያ ላይ የምንከፍለው ለውኃ መሆኑን ተረዳሁ።

የቲማቲሙ ነገር ግን በጥድፊያ ተበላሸ። ቲማቲም ታጥቦና ደርቆ፣ በትሪ ላይ ተራርቆ ተደርድሮ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ድንጋይ ከሆነ በኋላ ነው ወደ ፌስታል የሚገባው። እኛ ግን መሽቶብን ስለ ነበር ትሪውን ዘለልነው፤ እርጥቡን እንዳለ በአንድ ፌስታል አጨቅነው። ከሳምንት በኋላ ለስልስ ሦስት ቲማቲም ሲፈለግ ከፍሪዘር የወጣው፣ ሚዛን ላይ አራት ኪሎ የሚመዝን፣ ከሁሉም ጎን አንድ የሆነ፣ መነጣጠል የማያውቅ ቋጥኝ ነበር። ቢላዋ ሞከርን፤ ቢላዋው ተጣመመ። በመጨረሻ ዘነዘና ወጣ። ማታ በሦስት ሰዓት ቋጥኙን ስንወቅጥ ከታችኛው ፎቅ ያሉት እናት በር አንኳኩተው «ልጆቼ፣ በዚህ ሰዓት ቡና ነው የምትወቅጡት?» አሉ። ባለቤቴ «አይደለም እትዬ፣ ቲማቲም ነው» ብላ መለሰች። ሴትዮዋ ጥቂት ዝም ብለው ካዩን በኋላ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብለው ወረዱ፤ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ሲያገኙን የሚያናግሩን እንደ ታማሚ ቀስ ብለው ነው።

በፍጥነት የማቀዝቀዝን ሙያ ለዓለም ገበያ ያበቃው አሜሪካዊው ክላረንስ በርድሳይ፣ በ1910ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዛሬ የካናዳ ግዛት በሆነችው ላብራዶር ሲኖር ነው ነገሩን ከኢኑዊት ሕዝብ የተማረው። በዚያ ከበረዶ ሥር የተያዘ ዓሣ ነፋሱ ሲነካው ወዲያው ድርቅ ይላል፤ ከወራት በኋላ ሲቀቀል ግን ትናንት እንደ ተያዘ ነው። ምሥጢሩ ፍጥነቱ ነው፤ ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ዘጠኝ በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የበረዶው ፍንካች እየተለቀ የአትክልቱን ሥጋ ይበጣጥሰዋል። ከፍሪዘር የወጣ ቲማቲም ለስልስ እንጂ ለሰላጣ የማይሆነው ለዚህ ነው። በእኛ ቤት አንድ ሳጥን በአንድ ጊዜ ታጭቆ፣ «ቀዘቀዘ ወይ?» እየተባለ ክዳኑ በየአሥር ደቂቃው ሲከፈት፣ ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ መድረስ ቀርቶ የመኖሪያ ክፍላችንን ወሬ ከመስማት አላለፈም።

ሌላው መከራ መለያ ማጣት ነው። ከወር በኋላ በፍሪዘር ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ከሁለት ወገን አንዱ ነው፤ ወይ አረንጓዴ ነው ወይ ቀይ ነው። አረንጓዴው ጎመን ይሁን ቆስጣ ወይስ የተፈጨ ቃሪያ፣ ቀዩ ቲማቲም ይሁን ቁሌት ወይስ አዋዜ፣ እስኪቀልጥ ድረስ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። የአይስክሬም ባልዲ ሲታይ ልጆቹ ይሮጣሉ፤ ሲከፈት ቁሌት ነው። ባለቤቴ ጽፋ እንድትለጥፍ ብነግራት «እኔ አውቀዋለሁ» አለችኝ። የፍሪዘር ታሪክ በሙሉ የተጻፈው በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው።

አንድ ቀን የአባቴ የቀድሞ ባልደረባ የሆኑ አንድ ጋሼ ሊጠይቁን መጡ። ሙቀቱ የከበደ ቀን ስለ ነበር ልጄ እንግዳ አክባሪነቱን ለማሳየት ውኃ ቀድቶ በረዶ ጨመረላቸው። በረዶው ግን የዝንጅብልና የነጭ ሽንኩርት ነበር፤ ባለቤቴ ፈጭታ በበረዶ መሥሪያው ክፍልፍል ውስጥ ያስቀመጠችው፣ ለአንድ ድስት ወጥ አንድ ፍሬ እየተባለ የሚወጣ። ጋሼ አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ፣ የዚያ ዘመን ሰው የቀረበለትን አይመልስምና፣ ብርጭቆውን እስከ ታች ጠጡት። በረዶው ቀስ ብሎ ስለሚቀልጥ የመጨረሻው ጉንጭ ከመጀመሪያው የባሰ እንደ ነበር እርግጠኛ ነኝ። ብርጭቆውን ሲያስቀምጡ «ጥሩ ነው፤ መድኃኒትነት አለው» አሉ። ልጄም ደስ ብሎት ደገማቸው።

አማቴ ይህን ሁሉ ከዳር ሆነው ሲያዩ ቆይተው አንድ ቀን ፍርዳቸውን ሰጡ። «በእኛ ጊዜ ጎመን ሲተርፍ ፍሪዘሩ ከአጥሩ ማዶ ነበረ» አሉ። ለጎረቤት በሰፌድ የተላከ ጎመን ከጥቂት ቀን በኋላ ባቄላ እሸት ሆኖ ይመለስ ነበር፤ ሰፌድ ባዶውን አይመለስማ! መቆየት ያለበት ነገር ቢኖር ሥጋው ቋንጣ፣ እንጀራው ድርቆሽ ይሆናል፤ ፀሐይ ደግሞ ቆጣሪ የላትም። እናንተ ግን፣ አሉ አማቴ፣ ጎመኑን ከመጣል አላዳናችሁትም፤ የሚጣልበትን ቀን ነው ያራዘማችሁለት፤ ልክ ዛሬ ኃላፊው የለም፣ ነገ ተመለስ እንደሚባል ባለጉዳይ። ለዚህ የምመልሰው አልነበረኝም። ንግግራቸውን ጨርሰው ሲነሡ ግን ከነጠላቸው ሥር ሁለት ኪሎ ቅቤ አወጡና «ለጊዜው አስቀምጪልኝ» ብለው ለልጃቸው ሰጡ።

ወሬው በደረጃው ወረደ። ከታች ያሉት እናት የእሸት በቆሎ ፍልፍላቸውን ይዘው መጡ፤ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ለመውለድ የተቃረበች ወጣት ያዘጋጀችውን ቁሌት አመጣች። የዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሲያልቁና የፋሲካ ቅርጫ ሲደርስ ደግሞ አትክልቱ በሙሉ ሥልጣን እንደ ለቀቀ ባለሥልጣን ወደ ጥግ ተገፋ፤ ጎመኑ ከሥር፣ ቲማቲሙ ከግድግዳው ጋር፣ ሥጋው መካከል። የእኛ የሚባል ነገር የት እንዳለ ለማወቅ የሰው ንብረት ማንሣት ግድ ሆነ።

በዳግም ትንሣኤ ማግስት መብራት ሄደ። ትራንስፎርመር ተቃጥሏል፣ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል ተባለ። የሞላ ፍሪዘር ክዳኑ ካልተከፈተ 48 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ እኔም ይህን አውቄ ወንበር ይዤ ደጁ ላይ ተቀመጥሁ። ነገር ግን አስቀማጮቹ በየተራ እየመጡ «ቀለጠብኝ ወይ? እስኪ አንድ ጊዜ ልየው» ሲሉ ማን ይከለክላል? ከታች ያሉት እናት ስድስት ጊዜ አዩት። አማቴ በስልክ ሳይቀር አስከፈቱኝ። በማግስቱ ማታ ቅዝቃዜው በማየት ብዛት አለቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነው አማቴ እንዳሉት ነው። በየፎቁ ከሰልና ቡታጋዝ ተቀጣጠለ፤ ሥጋው፣ ጎመኑ፣ በቆሎው፣ ያ የሦስተኛ ፎቅ ቁሌት ሁሉ በየድስቱ ገባና ከሕንፃው በታች ባለው ሜዳ በሻማ ተበላ። ጋሼም ተጠርተው መጡ፤ ውኃ ሲቀርብላቸው ብርጭቆውን ወደ ሻማው ከፍ አድርገው ውስጡን በጥንቃቄ መረመሩ። ሲመሽ ፍሪዘሩን ላጸዳ ወደ ቤት ስወጣ፣ ከታች ከጥግ አንድ የታሰረ ፌስታል ተጣብቆ አገኘሁ። አረንጓዴ ነው። ወደ ሜዳው አውርጄ አሳየሁ፤ አማቴ የእኔ አይደለም አሉ፤ እትዬም፣ የሦስተኛ ፎቋ ወጣትም አይደለም አሉ። ባለቤቴ በሻማ አገላብጣ አየችውና «እኔ አውቀዋለሁ» ካለች በኋላ ዝም አለች። መጣል ግን ማንም አልደፈረም፤ እህል ነውና። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሲመጣ፣ መሃሉ ገና በረዶ ስለ ነበር፣ ወደ ቦታው ተመለሰ።