ከሰማይ የወረደልን ድንጋይ

ላቦራቶሪ ምን ያደርግልናል? እኛ ጎንደሬዎች ክንድ አለን። ድንጋይ አንስተን «ኧረ ሲከብድ!» ካልን አለቀ፤ የወረደው ከሰማይ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤቴ ጓሮውን ሲቆፍር አንድ ጥቁር ድንጋይ አገኘ። ቶናው ሳይቀዳ ግቢው በሊቃውንት ሞላ። ሲወድቅ በዓይኑ ያየ ሰው እንኳ አላጣንም። ሌሊቱ እንደ ቀን በርቶ ነበር አለን፤ መቼ እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ጥምቀት ይሁን ፋሲካ ተምታታበት። ሌላው ከተሰበረ ሬዲዮ ማግኔት ፈልቅቆ አመጣ። በክር አንጠልጥሎ ሲያስጠጋው ማግኔቱ ወደ ድንጋዩ ዘንበል አለ። እልልታ!

ከፒያሳ የተጠራው ደላላማ ከሁላችንም ይልቃል። የድንጋዩን ስም ሳያውቅ ዋጋውን ያውቃል። «በግራም ነው፣ በዶላር» አለ። ወዲያው የሥጋ ሚዛን ተላከ።

መቼም የሰው ደስታ የሚያንገበግበው አይጠፋም። ጂኦሎጂ የሚማር አንድ ልጅ ጎንበስ ብሎ አየና «ጋሼ፣ ማግኔት ብቻውን ምስክር አይሆንም» አለ። የቆምንበት አገር ባዛልት ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው። ውስጡ ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን ስላለ ማግኔት ይወደዋል። «በዚህ ማግኔትማ የፋሲል ግንብም ከሰማይ ወረደ ልትሉ ነው!»

አላበቃም። ድንጋዩ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች በጣቱ እየነካ፣ ላቫው ሲቀዘቅዝ ጋዝ የተወው ነው አለን። የሰማይ ድንጋይ እንዲህ ተበሳስቶ አይገኝም ማለት ይቻላል። አየር ላይ ሲነድ ላዩ ይቀልጥና ስስ ጥቁር ቅርፊት ይለብሳል፤ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ 1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ጠርዙን በሞረድ ቢፍቁት ደግሞ በአብዛኛው የሰማይ ድንጋይ ውስጥ ኒኬል ያለበት ብረት ብልጭ ይላል።

ሞረድ ሊያመጣ ሲነሳ እጁን ያዝነው። ሚሊዮን ብር በሞረድ ይፋቃል እንዴ?

በዚህ መሃል የጎረቤቴ እናት ነጠላቸውን እያጣፉ ወጡ። ድንጋዩን ገለበጡት። ለስላሳውን ጎኑን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት።

«ምነው ልጆቼ፣ ይሄኮ መጄ ነው! በርበሬ ስደልዝ ተሰብሮብኝ የጣልኩት።»

ግቢው ጭጭ አለ። ደላላው ብቻ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መጅ ነው? እንዲያ ከሆነማ ቅርስ ነው» አለና ዋጋውን እጥፍ አደረገው።